መኪናው የአንድ ሰው ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን የሁላችንም ነው



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቦይ መጥረግ፣ ስለ ቆሻሻ አጣጣልና ስለ ሌሊት ጥበቃ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ አዲስ ይምሰል እንጂ ከእነዚያ የተለየ አይደለም። ይኸውም በየግቢው መታየት ስለ ጀመረው በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ መኪናና ይህንኑ መኪና ጣራ ላይ በሚተከል ሶላር ስለ መሙላት ነው።

«ይህ የባለ መኪናው ጉዳይ ነው፤ መኪና የሌለን እኛ ምን አገባን?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን መኪናው የሚጠጣው ኃይል የሚመጣው ሁላችንም እንጀራ ከምንጋግርበት፣ ልጆቻችን ከሚያጠኑበት፣ ወፍጮ ቤቱም ከሚሠራበት ከዚያው መስመር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ያገባናል። ያውም ነገሩ ገና ሳይበዛና በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ቅያሜ ሳይፈጥር መነጋገሩ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ አደረገ። ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ ብቻ የጉምሩክ ቀረጥ ተወሰነ፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚሁ ለሚገጣጠመው ደግሞ ቀረጡ ቀረ። ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ነዳጁም ዋጋው ወደ ላይ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ አዲስ አውቶሞቢል ልግዛ ያለ ሰው ወደ ኤሌክትሪኩ ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

የነዳጅ ነገር ይህን ሕዝብ ያስቸገረው ዛሬ ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶቻችን እንደሚያስታውሱት በ1966 ዓ.ም. የካቲት የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የታሪክ ነው። አገራችን ነዳጁን በሙሉ ከውጭ በምንዛሪ ትገዛለች። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከራሳችን ወንዞች ነው። በጌዶ በኩል የሚኬድበት ፊንጫ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲያመነጭ ኖሯል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ወንዝ ያለው አገር ከባሕር ማዶ ነዳጅ ከሚለምን በራሱ ውኃ ቢሄድ ማን ይጠላል? በዚህ በኩል የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን በበኩላችን እንደግፋለን።

ወደ ራሳችን መንገድ እንምጣ። ከአምቦ አዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 228 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መካከለኛ የቤንዚን መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይጠጣል ብንል ለደርሶ መልሱ 18 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው 1,800 ብር ነው። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ለ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለደርሶ መልሱ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ሲሞላ በመንገድ የሚባክነው ሲታከል ከቆጣሪ የሚወጣው ወደ 40 ይጠጋል። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ትልቁ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2 ብር ከ50 ሳንቲም አይሞላም ነበር፤ በዚያ ሂሳብ 40ው 100 ብር ብቻ ነው። እርግጥ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ቢሆንም ቅናሹ ገና ሰፊ ነው።

መልክዓ ምድሩም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ 2,350፣ አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በወለንኮሚና በጊንጪ አድርጎ ወደ እኛ የሚመጣው መኪና በጠቅላላው ቁልቁል ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ተገላብጦ ኃይል ያመነጭና ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን ዳገቱ ብድሩን ያስመልሳል። ወደ ወንጪ የሚወጣ ሰው ይህን ይበልጥ ያየዋል፤ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ስለሚወጣ ፍጆታው ከሜዳው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ሲወርድ ደግሞ ከፊሉ ይመለስለታል። እዚያ ለመዝናናት የሚሄድ ሁሉ ይህን አስቦ ይውጣ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ማታ መኪናው ግቢ ገብቶ ሶኬት ላይ ሲሰካ ነው።

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው ዕቃ እንለካው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተራ ቻርጀር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ስለሚስብ አንድ ምጣድ እንደማለት ነው። ግድግዳ ላይ የሚተከለው ትልቁ ቻርጀር ግን 7 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሁለት ምጣድ ባንድ ላይ እንደተጣደ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ምጣድ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ መጥፋቱ ነው። ከአዲስ አበባ የተመለሰ መኪና ግን በትንሹ ቻርጀር 12 ሰዓት፣ በትልቁ 6 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ይስባል። እስቲ አስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ ምጣድ ጥዳ የምታድር ሴት በሰፈራችን አለች?

በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የምናየው ትራንስፎርመር የተተከለው ለዚህ ታስቦ አይደለም። ለምሳሌ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ለ150 ቤት ቢከፋፈል ለአንዱ ቤት የሚደርሰው 1.3 ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ የግማሽ ምጣድ እንኳ አይሆንም። እስከ ዛሬ የኖርነው ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ስለማይጋግር ነው፤ አንዷ ጠዋት፣ ሌላዋ ማታ፣ ሌላዋ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ትጋግራለች። እንግዲህ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ዐሥር መኪና በትልቁ ቻርጀር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቢሰኩ 70 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ከጠቅላላው አቅም ከሲሶ በላይ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይፈዛል፤ ምጣዱም አልግል ይላል፤ ፍሪጁ ያጓራል፤ ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ ባለ መኪናውም ባለ ምጣዱም እኩል ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ።

አንዳንድ ሰው «ግድቡ ተመርቋል፤ ታዲያ ምን ያጥረናል?» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋኑ ሞልቶ የሚቀዳበት ቀዳዳ ጠባብ ሲሆን ውኃው የሚወርደው በጠብታ ነው። ኃይል በግድቡ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ያ ኃይል በመጨረሻዋ ሽቦ፣ በመጨረሻዋ ትራንስፎርመርና በመጨረሻዋ ቆጣሪ አልፎ እቤታችን መግባቱ ሌላ ነገር ነው። የእኛ ጥበት እዚህ መጨረሻዋ ላይ ነው።

ሶላር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የምንለውም አጭር ነው፤ መኪና መግዛት የቻለ ሰው ከመኪናው ጋር ጣራው ላይ ሶላር ቢተክል ራሱንም ይጠቅማል፤ ከጎረቤቱ ድርሻም አይሻማም።

ሂሳቡን እንይ። በገበያ ላይ የሚገኝ ትልቅ ፓኔል አንዱ 550 ዋት ነው። ዐሥሩ አንድ ላይ 5 ኪሎ ዋት ተኩል ይሆናሉ። በእኛ አካባቢ በበጋ ቀን አንድ ኪሎ ዋት ፓኔል 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል ብለን በዝቅተኛው ብናስብ ዐሥሩ ፓኔል በቀን 22 ይሰጣሉ። ይህ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ለአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሁለት ቀን ፀሐይ ይበቃል ማለት ነው። ከአምቦ ጉደር ደርሶ የሚመለስ ወይም ከተማ ውስጥ ብቻ የሚዞር ሰው ግን በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ለእርሱ ሦስት ፓኔል እንኳ በበጋ ይበቃዋል።

«ክረምቱስ?» መባሉ አይቀርም። እውነት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ሲጠቁር የሶላሩ ገቢ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ይሁን እንጂ በአገራችን ነገሩ ተደጋጋፊ ነው። ፀሐይ ስትደክም ወንዙ ይሞላል፤ በግድቦቹ ውስጥ ውኃ የሚጠራቀመውም በዚያው ጊዜ ነው። በበጋ ደግሞ ግድቡ እየቀነሰ ሲሄድ ፀሐይዋ ትበረታለች። ስለዚህ በበጋ ከጣራ፣ በክረምት ከመስመር መጠቀም የቸገረው ሰው ዘዴ ሳይሆን ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ተራ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የቀንና የሌሊት ነገር ነው። ፀሐይዋ የምትሠራው በተለይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው፤ በዚያን ሰዓት ደግሞ መኪናው ደጅ ነው። ማታ መኪናው ሲገባ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ሻጮቹ ለዚህ መድኃኒቱ ትልቅ የቤት ባትሪ መግዛት ነው ይላሉ። እኛ ግን ቶሎ አትግቡበት እንላለን። 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የቤት ባትሪ ውድ ሆኖ ሳለ መኪናውን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አያስኬድም። የመኪናው ባትሪ ራሱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ስለዚህ ባትሪ ላይ ባትሪ ከመግዛት መኪናውን ፀሐይ ባለበት ሰዓት ማቆም ይሻላል። ከተማችን ሰፊ አይደለችም። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ በእግሩ ወይም በባጃጅ ሄዶ መኪናውን በሳምንት ሁለት ቀን ግቢ ቢያሳድር፣ ቢያውል፣ ለሳምንቱ የሚበቃውን ሞልቶ ያገኘዋል። የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ቤንዚኑ «አልቋል፣ ሙላው» አይባልም፤ እንደ ከብት ነው፤ በቆመበት ሁሉ ሲግጥ መዋል አለበት።

ስለ አተካከሉም ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል የሚደርሰው ጉዳት ለጎረቤትም ይተርፋል። አንድ ትልቅ ፓኔል 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዐሥሩ 280 ኪሎ ነው፤ ስፋቱም 26 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። አብዛኛው ጣራችን በባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ምስጥ የበላውና የላላ ጣራ ላይ ይህን ጭኖ የክረምትን ነፋስ መጠበቅ አደጋ ነው። ስለዚህ ከመትከል በፊት እንጨቱ ይፈተሽ፤ የደከመው ይለወጥ፤ ወይም በግቢው ውስጥ የብረት ዳስ ተሠርቶ ፓኔሉ እርሱ ላይ ይተከል፤ መኪናውም ከሥሩ ጥላ ያገኛል። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ፓኔሉ ወደ ደቡብ ጥቂት ያዘንብል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። በበጋ ግን አቧራው ሲጋገር በለስላሳ ጨርቅና በውኃ ማጽዳት የግድ ነው። በቀትር አይደለም፤ ማለዳ ፓኔሉ ሳይግል ነው።

ሽቦውን በተመለከተ ማንም ሰው እንዳይቀልድ አደራ እንላለን። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ መኪና አይሸከምም። በኤክስቴንሽን ገመድ መሙላትና ገመዱን በአጥር ላይ አሻግሮ ከጎረቤት ሶኬት መሳብ እሳት መጥራት ነው፤ ቤታችን ጭቃና እንጨት መሆኑን አንርሳ። ለመኪናው ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ወፍራም መስመር ይዘርጋለት፤ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ የመሬት ሽቦውም በትክክል ይቀበር። ይህንንም የሚሠራው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። «የወንድሜ ልጅ ይችላል» የሚባል ነገር ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የጋራ ቆጣሪ ጉዳይ ነው። በብዙ ግቢ አከራይና አራት አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ፤ ሂሳቡም ሲመጣ በቤት ወይም በሰው ይካፈላል። አንድ መኪና በወር ስምንት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ 320 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጣል። ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ያላት ተከራይ ይህን ያህል በብዙ ወር አትጨርስም። ያም ብቻ አይደለም፤ ታሪፉ የተሠራው ፍጆታ በበዛ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው። ስለዚህ መኪናው ሲሞላ የተከራይዋ አምፖል ጭምር ይወደዳል። እርሷ ግን መኪናው ላይ አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ይህ በምን ፍርድ ይገባል? ማንም ሆን ብሎ የሚያደርገው አይመስለንም። ብዙው ሰው ነገሩን አስልቶት አያውቅም። ስለዚህ በጋራ ቆጣሪ የሚጠቀም ባለ መኪና ለመኪናው ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በራሱ ወጪ ይትከል፤ ያነበበችውን እርሱ ይክፈል፤ የቀረው ይካፈል። ከታሪፉ መወደድ የሚመጣውንም ጭማሪ ራሱ ይሸከም።

የመልካም ጉርብትና አነጋገር ደግሞ ከቆጣሪም ይበልጣል። ነገ የሚጋገርበት ቀን ከሆነ «ጋሼ፣ ዛሬ ሊጥ አቡክቻለሁ፤ መኪናዋን እስከ አራት ሰዓት ባይሰኩልን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። «እሺ እትዬ፣ ስትጨርሱ ንገሩኝ» ብሎ መመለስም ክብርን አይቀንስም። ከከተማችን ኑሮ የተማርነው ይህንኑ ነው።

ሌላው የምናነሳው መኪና ለሌለን ለብዙዎቻችን የሚቀርበውን ባጃጅ ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ነፍሰ ጡሮቻችን ሆስፒታል የሚደርሱት በባጃጅ ነው። ባጃጅ ነጂዎቻችን ቤንዚን ለማግኘት በሰልፍ ያድራሉ፤ ያጡ ጊዜም በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን በውድ ይገዛሉ፤ ጭማሪው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከተሳፋሪው ኪስ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ ግን ትንሽ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢይዝ ነው። 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚይዘው አራት ፓኔል የአንድ ቀን ሙሉ ይሰጠዋል። ሃያ ፓኔል ያለው አንድ ዳስ አምስት ባጃጅ በየቀኑ ይመግባል ማለት ነው፤ ያውም የሰፈሩን ትራንስፎርመር ሳይነካ። በእኛ ግምት ለሰፈራችን ከዐሥር አውቶሞቢል ይልቅ ይህ ዳስ ይበልጥ ይጠቅማል።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም። እቁብ ጥሎ ቤት የሠራ፣ በእቁብ ልጁን የዳረ ሕዝብ በእቁብ ሶላር ቢገዛ ምን ይገርማል? እያንዳንዱ ዕጣ ለአንድ ሰው አራት አራት ፓኔል ቢያወጣ በጥቂት ዙር ብዙ ጣራ ይሸፈናል፤ በጅምላ ሲገዛም ዋጋው ይቀላል። ዳሱን መትከል ደግሞ የደቦና የጅጊ ሥራ ነው። በመከር ጊዜ ተጠራርቶ የሚያጭድ ሰው አንድ እሑድ ተጠራርቶ ብረት ማቆም አያቅተውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ለመግዛት የተነሣችሁ ወገኖቻችንንም አንድ ነገር እናሳስብ። በአዲስ አበባ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ መከፈት ጀምሯል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌ መንገድ ከፍቷል። ከሆለታ ወዲህ ያለነው ግን በዋናነት የምንተማመነው በቤታችን ሶኬት ነው። ስለዚህ የምትገዙት መኪና በአንድ ሙሊት ቢያንስ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመልስ ይሁን፤ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ርቀት ሳይሆን ከዚያ ሩቡ ያህል ተቀንሶ የሚቀረውን አስቡ። ብዙዎቹ ከቻይና በነጋዴ በኩል የሚመጡ ስለሆኑ የፋብሪካው የባትሪ ዋስትና እዚህ አገር ድረስ ይከተል አይከተል በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተሰጠ ዋስትና ባትሪ አይቀይርም።

በመሆኑም የሚከተለውን ለነዋሪው እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና የሆነ ሁሉ ስሙንና የቻርጀሩን መጠን በማኅበሩ መዝገብ ያስመዝግብ። ይህ ለቁጥጥር አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ እንዲያድግልን በጋራ ማመልከቻ ስናስገባ «ይህን ያህል ጭነት አለን» ብለን በቁጥር እንድንናገር ነው። ቁጥር ያልያዘ አቤቱታ ከመሳቢያ አይወጣም።

ሁለተኛ፤ ሶላር ያልተከለ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መኪና አይሰካ። ከ4 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ ሰባት ሰዓት አለው፤ ምጣዱም ወርዷል፤ ልጆቹም ተኝተዋል።

ሦስተኛ፤ ትልቁን የ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር መትከል የፈለገ አስቀድሞ ለማኅበሩ ያስታውቅ። ለብዙው ሰው ግን ትንሹ ይበቃል።

አራተኛ፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ ያለ ባለ መኪና ትንሽ ቆጣሪውን ይትከል፤ አከራዮችም ይህን ለተከራይ ሳይጠየቁ ያስረዱ።

አምስተኛ፤ የሶላር እቁብና የባጃጅ ዳስ ጉዳይ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ለውይይት ይቅረብ። የእድራችን አዳራሽ ጣራ ሰፊና ጠንካራ ስለሆነ ከእርሱ ቢጀመር እንላለን።

ምናልባት «ገና ጥቂት መኪና ነው ያለው፤ ለምን አስቀድማችሁ ደንብ ታበዛላችሁ?» የሚለን ይኖር ይሆናል። መልሳችን ቀላል ነው። ደንብ የሚወጣው ሰዎቹ ጥቂት ሆነው ሳይቀያየሙ ነው። ሃያ ሰው ከተሰካ በኋላ «ንቀሉ» ማለት ጠብ ነው፤ ሁለት ሰው ሳለ «እንዲህ እናድርገው» ማለት ግን ምክክር ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአገራችን ቀድመው ከተሠሩት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም፣ ማለትም ወደ እኛ አቅጣጫ የመጣው መንገድ ነው። መንገድ ቀድሞ ያየ ሕዝብ አዲስ ተሽከርካሪ ሲመጣ ሊደነግጥ አይገባውም፤ ሊዘጋጅ እንጂ። ፀሐይዋ በየጣራችን ላይ እኩል ትወጣለች፤ ከድሀውም ከሀብታሙም አጥር አትመርጥም። መስመሩ ግን እንደ እርሷ ሰፊ አይደለም፤ ስለዚህ በፀሐይዋ የሚችል በፀሐይዋ ይጠቀም፤ መስመሩን ለምጣዱ፣ ለወፍጮውና ለሚያጠናው ልጅ ይተውለት።

አስተያየት ያላችሁ በጽሑፍም ሆነ በቃል ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድታቀርቡ እንጠይቃለን። የተቃወመም ይምጣ፤ አብሮ ለሚኖር ሰው ከአጥር ውጭ ከማጉረምረም ቁጭ ብሎ መከራከር ይሻላል።

የሰፈሩ ልማት ማኅበር የሰሌዳ ጋዜጣ ክፍል